አሥራ አንድ ድንጋይ እስከ ወጨጫ ጫፍ

ቀለሙ የበራችን ትርፍ ነበር። አባቴ ሰበታ ቤት ሲሠራ የግቢውን የብረት በር ያስቀባበት፣ ዝገት እንዳይበላው ከሥር የሚቀባ ቀይ ቀለም፤ ግማሽ ጣሳ ተርፎ ዕቃ ቤት ውስጥ ተቀምጧል። ለመመረቂያ ጽሑፌ ወጨጫ ተራራ ላይ ምልክት የማደርግበት ነገር ሲያስፈልገኝ ሌላ መግዛት አልታየኝም። ክዳኑን በምስማር ፈልቅቄ፣ ላዩ ላይ የረጋውን ገፍፌ፣ ጣሳውን በፌስታል ጠቅልዬ ይዤው ወጣሁ። በማስተር ፕላኑ ረብሻ ዓመት በቀይ ቀለም ድንጋይ ላይ ቁጥር መጻፍ ምን ማለት እንደሆነ በአካባቢያችን የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ መሬቱ ሊወሰድ ተቀየሰ ማለት ነው። እኔ ጂኦግራፊ እየተማርኩ አላሰብኩትም።

ወጨጫ ከጓሯችን ይታያል። ከሰበታ በስተሰሜን ይቆማል፤ ጫፉ ከሦስት ሺህ ሦስት መቶ ሜትር ያልፋል። ደመና ግንባሩ ላይ ሲጠመጠምበት የሰፈራችን ሰው «ወጨጫ ራሱን አሞታል» ይላል፤ ራሱን ሲያመው ሻሽ ጥብቅ አድርጎ እንደሚያስር ሰው ማለት ነው። በክረምት ይህን ማንም ልብ አይለውም። በኅዳር ራሱን ያመመው እንደሆነ ግን እህሉ ያልታጨደለት ሰው ይደነግጣል፤ ሁለት ሦስት ቀን ሳይቆይ ዝናብ ይወርዳልና።

ቤታችን ያረፈበት ቦታ ቀድሞ የስንዴ ማሳ ነበር። የሸጡልን አዛውንት ገበሬ ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም፤ ያኔ እንደምጠራቸው ኦቦ ብቻ እላቸዋለሁ። ከአዲስ አበባ የኪራይ ቤት ወጥተን ስንመጣ መሠረቱ ሲቆፈር አጠገቡ ቆመው መርቀውልናል። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ አንድ ጆንያ ድንች በአህያ ጭነው ይመጣሉ፤ አባቴም ለልጃቸው ሠርግ ድንኳን ተካይ ሆኖ አድሯል። እሳቸውና ባለቤታቸው የሚኖሩት ከእኛ በላይ፣ ከተማው አልቆ ተራራው መቆም በሚጀምርበት ቦታ ነው። በዚያ አካባቢ ደቦ በተጠራ ቁጥር፣ ባለ ደቦው ማንም ይሁን ማን፣ ዳቦው ከመቆረሱ በፊት የሚመርቁት ኦቦ ነበሩ። ሰው ማጭዱን መሬት ላይ አስቀምጦ፣ ቆቡን አውልቆ ይሰማቸዋል። መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ ከእኛ ወገን የመጣ እንግዳ ካለ በአማርኛ ይደግሙታል። አንድ ጊዜ ስለ ሰማሁት ድምፃቸውን እስካሁን አስታውሰዋለሁ፤ ከፍ ሳይል ሩቅ ይደርሳል።

የጽሑፌ ጥያቄ ቀላል ነበር፦ ወጨጫ ላይ ደጋው አልቆ ውርጩ የሚጀምረው የት ነው? ከተራራው እግር እስከ ጫፉ በየመቶ ሜትሩ ከፍታ አንድ ቦታ መርጬ፣ አፈሩን፣ ዛፉን፣ ምንጩን መዝግቤ ካርታ መሥራት ነበረብኝ። በጥቅምት ለመስክ ሥራ ከዩኒቨርሲቲ መጣሁ። አባቴ ብቻሽን አትወጪም አለኝ። ኦቦ ሲሰሙ «እኔ እያለሁ?» አሉ።

በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል ጀመርን። የመጀመሪያው ቦታ ከእርሻቸው በታች፣ ጅረቱ ዳር ያለ ትልቅ ድንጋይ ነበር። በቡርሹ አንድ ቁጥር ጽፌ ዙሪያውን አከበብኩት። ኦቦ ጎንበስ ብለው አዩት።

«ይሄ ለምንድነው፣ ኢንተላ ኮ?» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው።

«ቦታው እንዳይጠፋኝ ነው፣ ኦቦ። ተመልሼ ስመጣ እንዳገኘው።»

«ተራራ ይጠፋል እንዴ?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ቀለሙን ትንሽ ሲያዩት ቆዩ። «ነጭ አይሻልም ነበር?»

«የበራችን ትርፍ ነው። አባዬ ያስቀመጠው።»

«እ። የአባትሽ ከሆነ…» አሉና ብትራቸውን አንስተው ቀደሙኝ።

ይህን ንግግር ብዙ ጊዜ አስታውሼዋለሁ። እሳቸው ከዚያ በላይ ለመናገር ይሉኝታ ያዛቸው፤ የጎረቤት ቤት ቀለም እንዴት ይነቀፋል? እኔም ለምን ነጭ እንዳሉ ለመጠየቅ አፈርኩ። ሁለታችንም ጨዋ ሆነን ዝም ተባባልንና አሥር ድንጋይ ጨመርንበት።

እየለካን ስለምንወጣ መውጣቱ ሁለት ቀን ፈጀብን። ግርጌው ጥቁር መረሬ አፈር ነው፤ በክረምት ጫማ ያስቀራል፣ በበጋ ቁርጭምጭሚት የሚውጥ ስንጥቅ ይሠራል። ትንሽ ከፍ ሲሉ አፈሩ ወደ ቡናማ ይለወጣል፣ ስንዴና ባቄላ፣ ከዚያ ገብስ ይከተላል፣ በየድንበሩ ባሕር ዛፍ ቆሟል። አራተኛው ድንጋይ ጋ እርሻው ያልቅና ጫካው ይጀምራል፦ ጥድ፣ ወይራ፣ ከፍ ብሎ ደግሞ ኮሶ። እዚያ ውስጥ ድምፅ ይለወጣል፤ የራሴን ትንፋሽ ከሌላ ሰው የመጣ መስሎኝ ዞር እል ነበር። ከኮሶው በላይ አስታ ይመጣል። በመጀመሪያ ዛፍ ነው፣ ቀጥሎ የሰው ቁመት ይሆናል፣ ቀጥሎ እስከ ጉልበት ያጥራል፣ በመጨረሻም ከነፋሱ ተደብቆ ድንጋይ ሥር ይተኛል። መጽሐፍ ላይ ያየሁትን የውርጭ ተክል፣ ጅብራን፣ ፈለግሁ፤ ኦቦ «እሱ የለም፣ እዚህ ያለው ይሄ ነው» ብለው የጓሳውን ሣር በብትራቸው አሳዩኝ። ውርጭ የት እንደሚጀምር ስጠይቃቸውም «ገብስ እምቢ የሚልበት ጋ» አሉኝ። ይህን ቃል በቃል ጻፍኩት።

የየቦታውን ስም ይነግሩኝ ነበር። አህያ ጭኖ የሚያልፍ ሰው ቆሞ የሚያሳርፍበት ገደል አፋፍ አፉራ ሀሬ ይባላል፣ የአህያ እስትንፋስ። ከአስታው መካከል ያለው ዋሻ ሆልቃ ወራቤሳ ነው፣ የጅብ ዋሻ። ከእሱ በላይ ዳጋ ቦካ የሚባል፣ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት የሚያልበው ጥቁር ዓለት አለ፣ የዝናብ ድንጋይ። ከቁጥሩ ጎን ስሙን እየጻፍኩ፣ በጂፒኤሱ ከፍታውን እየለካሁ፣ አሥራ አንደኛውን ጫፉ ላይ አደረስኩ።

ጫፉ አንድ አይደለም። ወጨጫ ያረጀ እሳተ ገሞራ ስለሆነ አፉ የተሸረፈ ማሰሮ ይመስላል፤ ከአንዱ ጠርዝ ቆሞ ሌላውን ማየት ይቻላል። ከከፍተኛው ላይ ሲቆሙ በስተምሥራቅ አዲስ አበባ ጢስ ለብሳ ትታያለች፣ ወደዚህ ሲል የፉሪ ጉብታ፣ በስተሰሜን ምሥራቅ ቡራዩ፣ ከእሱ በላይ እንጦጦ። ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ ስለሆነ አይታይም። በእግራችን ሥር ሰበታ በቆርቆሮዋ ታበራለች፣ ከእሷ በታች የአዋሽ ሜዳ። ያኔ ደስ ብሎኝ ቁጥሬን ጻፍኩ። እነዚህ ከአንድ ቦታ ላይ ያየኋቸው ከተሞች ሁሉ በዚያ ማስተር ፕላን ውስጥ የገቡ መሆናቸው ሳላስበው አለፈ።

ኅዳር ሲገባ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ማስተር ፕላኑ ገበሬውን ሊያነሳው ነው ተብሎ በየትምህርት ቤቱ ተማሪ ወጣ፣ መንገድ በድንጋይ ተዘጋ፣ ዓለም ገና ላይ ጎማ ሲቃጠል ጥቁሩ ጢስ ከጓሯችን ይታይ ነበር። ተኩስ ሰማን። ለቅሶ ሰማን። የዩኒቨርሲቲው ትምህርት ተቋረጠና እኔ እዚያው ሰበታ ቀረሁ። አባቴ ታክሲ ሲጠፋ ከሥራው በእግሩ እየተመለሰ፣ በር ላይ ሲደርስ ሳያንኳኳ ትንሽ ይቆማል፤ ከውስጥ ኮቴውን ሰምቼ የምጠብቀው እኔ ነኝ። በሩን ስከፍት ቀዩን ቀለም በየቀኑ አየዋለሁ። ከተራራው ጋር አላገናኘሁትም።

የኦቦ ስንዴ የደረሰው ወሩ ከተጋመሰ በኋላ ነው። ደቦ ጠሩ፤ ባለቤታቸው፣ አዴ የምላቸው እናት፣ በማስተናገዱ እንዳግዛቸው ላኩብኝ። ጎህ ሳይቀድ ሄድኩ። ጾም ስለ ነበር የሱፍ ፍትፍት ተሰናድቷል፤ አምስት ትልልቅ ዳቦ ተደርድሯል፤ ሁለት እንስራ ጠላ ተቀምጧል። ፀሐይ ወጣች፤ የመጣ ሰው አልነበረም። ኦቦ ማጭዳቸውን ይዘው ብቻቸውን ማሳው ዳር ገቡ። እኔና አዴ ደጃፍ ቆመን መንገድ መንገዱን እናያለን። ከጅረቱ ማዶ፣ ከኦቦ ስንዴ እኩል የደረሰውን የሌላ ሰው ስንዴ ሃያ የሚሆን ሰው እየዘፈነ ያጭዳል። የዘፈኑ ቅብብል ሁሉ ይሰማናል።

የማዶው ማሳ ባለቤት ረጅም፣ ቀጭን፣ አርባ ዓመት የማይሞላው ሰው ነው። ቀና ብሎ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ተጣራ።

«ኦቦ! ቀያሾችዎ አልደረሱም እንዴ?»

ኦቦ አላዩትም፤ ማጨዳቸውን ቀጠሉ።

«እነሱ ይጨዱልዎ እንጂ! ለድንጋዩ ቁጥር ከሰጡት ለስንዴው አይነፍጉትም!»

ከአጫጆቹ መሀል ሳቅ ተነሣ። እስከ መጨረሻው አንቱ እያላቸው ነበር፤ ያ ከስድቡ ይልቅ ከበደኝ።

ወደ አዴ ዞርኩ። ዳቦውን በሻሽ እየሸፈኑ ነበር። «ቁጥሩን አይተው ነው» አሉኝ ሳያዩኝ። «ከጅረቱ እስከ ጫካው ተቆጠረ፣ ቀያሽ ያስገባው እሱ ነው፣ ድሮም ለአዲስ አበባ ሰው የሸጠው እሱ ነው ይላሉ። ልጅቷ ለትምህርቷ ነው ብል የሚሰማኝ የለም።»

ማሳው ውስጥ ገብቼ ኦቦ አጠገብ ቆምኩና አሁኑኑ በላምባ አጠፋዋለሁ አልኳቸው። ወገባቸውን ቀና አድርገው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«አይሆንም። ያዩትን ድንጋይ ነገ ባዶ ሲያገኙት ደበቀ ይሉኛል።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«እሑድ ሽማግሌዎቹ ይቀመጣሉ። መጥተሽ ንገሪያቸው።»

እኔ ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ «አቤት» ለማለት ድምፄ የሚጠፋብኝ ሰው ነኝ። እሺ አልኩ። የዚያን ቀን እስኪመሽ ከአዴ ጋር ነዶ ስንሸከም ዋልን፤ ሦስታችን ያነሣነው ከማሳው ጥግ አላለፈም። የተዘጋጀው ዳቦ አምስቱም ሳይቆረስ አደረ። ለአባቴ አልነገርኩትም። ብነግረው ሄዶ ሊያስረዳ ይሞክራል፤ እሱ መሬት የገዛው የአዲስ አበባ ሰው ነው፣ ነገሩን ያባብሰዋል ብዬ ፈራሁ።

እሑድ ጠዋት ወጨጫ ራሱን አሞት ተነሣ። ደመናው ግንባሩ ላይ ጥምጥም ብሎ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ትልቁ ወይራ ሥር ሰባት የሚሆኑ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ የማዶው ሰው ቆሟል፤ ኦቦ ዘወትር ከሚቀመጡበት ድንጋይ ፈንጠር ብለው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ሁሉም ያንን ባዶ ድንጋይ ላለማየት ይጠነቀቁ ነበር።

«አከም ጅርቱ» ብዬ ሰላም አልኩ። «ፈያ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ። ኦሮምኛ እሰማለሁ፣ ስናገር ግን አፌ ይተሳሰራል፤ አማርኛ ብናገር ደግሞ ቀያሽ እመስላለሁ ብዬ ሰጋሁ። በመጨረሻ በአማርኛ፣ መሬት መሬት እያየሁ፣ ቁጥሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ለትምህርት ነው፣ ኦቦ መንገድ ብቻ ነው ያሳዩኝ አልኩ። ሦስት ዓረፍተ ነገር አይሞላም።

«ሁሉም መጀመሪያ ለጥናት ነው ይላሉ» አለ የማዶው ሰው።

በዕድሜ ትልቁ ሽማግሌ ዝም አሰኙትና ወደ እኔ ዞሩ። «ቁጥርሽ እስከ ስንት ይሄዳል?»

«እስከ አሥራ አንድ፣ አባባ።»

«አሥራ አንደኛው የት ነው?»

«ጫፉ ላይ።»

ትንሽ ተያዩ። «እዚያ ላይ ማን ቤት ይሠራል?» አሉ ሌላው።

«ባለ ሪዞርት ነዋ!» አለ የማዶው ሰው፤ ሽማግሌዎቹ ሳይወዱ ሳቁ።

ትልቁ ሽማግሌ ብትራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ለከተማ የሚቀይስ ሰው ጅብ የሚያድርበት ድረስ ምን ያወጣዋል? ቁጥሩ እንዳለችው እስከ ጫፍ ከወጣ የተማሪ ነገር ነው። ጫካው ጋ ከቆመ ግን ሌላ ነው። ሄዳችሁ እዩ።» እንዲያይ የተላከው የማዶው ሰው ሆነ፤ ለምስክርነት የዕድሩ ጸሐፊ ተጨመረ። ኦቦ ስማቸው ያለበት ነገር ስለሆነ አይሄዱም ተባለ። ለእኔ ብለው አዴ ተነሡ።

ሰኞ ማለዳ አራታችን ወጣን። ጂፒኤሱን ለትምህርት ክፍሉ መልሻለሁ፤ በእጄ ያለው ደብተሬ ብቻ ነው። አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ድንጋይ ሁሉም ሰው በሚያውቀው እርሻ ውስጥ ነበሩ፤ የማዶው ሰው በእያንዳንዱ አጠገብ ቆሞ ያልፋል። አዴ በላስቲክ ጫማቸው ከሁላችን ይቀድማሉ። የዕድሩ ጸሐፊ ወፍራም ሰው ነው፣ ኮሶው ጋ ስንደርስ ተቀመጠ።

«እኔ እስከ ስድስት አይቻለሁ» አለ ላቡን እየጠረገ። «ቀሪውን አምናለሁ።»

«ዕድር ላይም እንዲህ እያመንክ ነው የምትፈርመው?» አለው የማዶው ሰው።

«አዎ፣ ለዚህ ነው ልቤ እስከ ዛሬ የቆየችው» ብሎ ግንድ ላይ ተደገፈ።

ሦስታችን ቀጠልን። ዘጠነኛውን ካለፍን በኋላ ጉሙ ወረደ። አስታው ጥላ ብቻ ሆነ፤ አሥር እርምጃ ርቀት አይታይም። አሥረኛው ድንጋይ የለም። ወደ ቀኝ ሄድኩ፣ ወደ ግራ ተመለስኩ፣ እያንዳንዱን ድንጋይ በእጄ ዳሰስኩ። ሁሉም እርጥብ፣ ሁሉም ግራጫ ነው።

«አሥረኛው ወዴት ሄደ?» አለ የማዶው ሰው። ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም። «አሥራ አንደኛውም እንዲሁ የለማ?»

ደብተሬን አወጣሁ። ጣቶቼ ደንዝዘው ገጹ አልገለጥ አለኝ። የአሥረኛውን ገጽ ሳገኝ ከፍታው ተጽፏል፣ ከሥሩ የኦቦ ቃል። ለራሴ ያህል፣ በቀስታ አነበብኩት፦ «ከሆልቃ ወራቤሳ በላይ፣ ዳጋ ቦካ ሳይደረስ፣ ውሃ በሚንጠባጠብበት በኩል።»

«ምን አልሽ?» አለ የማዶው ሰው።

ደብተሩን ወደ ደረቴ አስጠጋሁት።

«ድገሚው።»

ደገምኩት። ቀረብ ብሎ ደብተሩን አየ፤ በእኔ ጽሕፈት የተጻፈውን ስም በጣቱ ተከተለ። «እንዲህ አይደለም የሚባለው፤ እያጣደፍሽ ነው» ብሎ እንዴት እንደሚጠራ አሳየኝ። ከዚያ ወደ አዴ ዞሮ በኦሮምኛ፣ «አባቴ በበጋ ከብት እዚህ ያወጣ ነበር፤ ከሞተ ወዲህ ይህን ስም የሰማሁት ዛሬ ነው» አላቸው። አዴ «እሱ ነው የነገራት» አሉት። ስለ ኦቦ ነው። የማዶው ሰው ጉሙ ውስጥ ሰያፍ ወጣ፣ ቆመ፣ አዳመጠ። የሚንጠባጠብ ውሃ ሰማን። ዓለቱ ጠቁሮ ያልባል፤ ከሥሩ አሥረኛው ድንጋይ ቀይ ክቡን ይዞ ተቀምጧል።

ጫፉ ላይ ስንደርስ ጉሙ ከበታቻችን ቀረ። አሥራ አንደኛውን አየና ጎኑ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ ከሥር በኩል ጉሙ ተገለጠ። ዋናው መንገድ ላይ አንድም መኪና የለም፤ ጥቁሩ አስፋልት ባዶውን ተዘርግቷል። ከሰበታ በኩል ሁለት ጊዜ ተኩስ ተሰማ። በዚያ ከፍታ ላይ እንደ እንጨት ስብራት ነው የሚሰማው። አዴ አማተቡ።

የማዶው ሰው ከመንገዱ ማዶ ያለ ረጅም ጣራ በአገጩ አሳየኝ። «ወንድሜ እዚያ ነው። ከያዙት ዘጠኝ ቀኑ ነው።»

«እግዚአብሔር ያውጣው» አልኩ።

«ይሄ የምታዪው ሁሉ ካርታሽ ላይ ይገባል?»

«አዎ።»

«ካርታውን ማን ያየዋል?»

«መምህሬ። ከዚያ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጣል።»

«ከዚያስ?»

ደብተሬ ውስጥ የግርጌው ተዳፋት ተለክቷል፣ የትኛው ሜዳ እንደሆነ፣ የትኛው ውሃ እንደማይተኛበት ተጽፏል። ለስንዴ የሚመች መሬት ለቤትም ይመቻል፤ ከጫፉ ላይ የእኛ ቆርቆሮ ጣራ ይህንኑ እየመሰከረ ያበራ ነበር። እሱም ወደዚያው እያየ ነበር።

«ከጫካው በታች ያለውን አውጪው» አለኝ። «ከዚያ በላይ ያለውን ጻፊ። ስሞቹንም ጻፊ፣ ደግ ነው። የታችኛውን ግን ተይው።»

እሺ አልኩ። ያለ እሱ የጽሑፌ ጥያቄ ግማሹ እንደማይመለስ አውቅ ነበር።

ሰኞ ማታ ምን እንደ ተባለ አላውቅም። ማክሰኞ ጠዋት ግን አሥራ አምስት የሚሆን ሰው ማጭድ ይዞ መጣ፤ የማዶው ሰው ከፊት፣ ሽማግሌዎቹ ከኋላ ነበሩ። የዕድሩ ጸሐፊም መጥቶ «እስከ አሥራ አንድ አይቻለሁ» እያለ ሰው ያስቃል። ከወትሮው ደቦ ግማሽ ነው፤ ያልመጡትን ማንም አላነሣም። የተዘፈነም አልነበረም፤ ሀገሩ ሐዘን ላይ ነው ተባለ። እኔ ጠላ ሳዞር የማዶው ሰው «ቀያሿ! ወደዚህም ቅጂ እንጂ» አለኝ፣ ሳቁ። ያ ስም እዚያ ሰፈር እስከ ዛሬ ቀርቶልኛል።

ወጨጫ ከማለዳው ጀምሮ ራሱን አስሮ ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ጠብታ ወረደ። ሰዉ እየሮጠ ነዶውን ከመረ፣ ላስቲክ አለበሰው። ከማሳው ሁለት እጁ ተረፈ፤ የቀረው ቆሞ ተመታ፣ በኋላም በዛላው ላይ በቀለ። ከዚያ ሁላችንም ጎተራው ሥር ተጠልለን፣ አዴ እንደገና የጋገሩትን ዳቦ አቀረቡ።

ሰው ሁሉ ማጭዱን መሬት ላይ አስቀመጠ። ቆቡንም አወለቀ። ማንም ሳይነግረው ወደ ኦቦ ዞረ።

ኦቦ ዳቦውን አዩ። ማጭዶቹንም አንድ በአንድ አዩ።

«ይመርቁ እንጂ፣ ኦቦ» አለ የማዶው ሰው።

«አንተ መርቅ» አሉት።

«ኧረ እንዴት ሆኖ! እርስዎ እያሉ?»

«አይተህ የመጣህ አንተ ነህ» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ድምፃቸው ያው የማውቀው ነው፣ ከፍ ሳይል ሩቅ የሚደርስ። «እኔ ስነግራችሁ አልሆነም። ያየ ሰው ይመርቅ።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። የማዶው ሰው ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ፤ ሽማግሌዎቹ መሬት አዩ። በመጨረሻ ዳቦውን ተቀብሎ ጀመረ። ቃሉን ያውቀዋል፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ከእሳቸው አፍ ሲሰማው ያደገ ነው፤ ግን በመሀል እየጠፋው ይቆማል፣ ደግሞ ከመጀመሪያው ይነሣል። እየቆመ እየተነሣ «አሜን» አልን። ኦቦም ከሁላችን ጋር፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው «አሜን» አሉ።

በዚያው ዓመት ክረምቱ ሳይገባ ማስተር ፕላኑ ቀረ ተባለ። ካርታዬን ከአራተኛው ድንጋይ ጀምሬ አስገባሁ፤ መምህሬ ግርጌው ለምን ነጭ ሆነ ብሎ ጠየቀኝ፣ ጊዜ አጠረኝ አልኩ፣ ነጥብ ተቀነሰብኝ። የማዶው ሰው ወንድም ከብዙ ወር በኋላ ተፈታ። ኦቦ ከዚያ በኋላ ብዙ ደቦ ላይ አይቻቸዋለሁ፤ ቀድመው ይመጣሉ፣ ከወጣት እኩል ያጭዳሉ፣ ከሰው ጋር ይጫወታሉ። ዳቦው ሲቀርብ ግን ከጀርባ ይቀመጣሉ። ሲመርቁ ዳግመኛ አልሰማሁም።